የጋሽ ኦኬ እጅ

ኦኬ የምትባለውን ቃል ማን ጋብዞ እንዳመጣት የሚያውቅ የለም። እንግሊዝኛ ደጃፍ ያልደረሰው ሁሉ ይላታል። የታክሲ ረዳቱ በሩን ሲዘጋ ኦኬ ይላል፤ ሕፃን ልጅ ተኚ ስትባል እያለቀሰች ኦኬ ትላለች፤ የተጣላ ሰው ስልክ ሊዘጋ ሲል «ኦኬ፣ ኦኬ፣ በቃ ኦኬ!» ይላል፤ ያቺ የመጨረሻዋማ ከስድብ አትተናነስም። «ኦኬ ነኝ» ብሎ ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ካለ ደግሞ እጁን ያንሣ።

ጋሽ ኦኬ ግን ቃሏን እንደ ሌላው ሰው ከመንገድ አላነሷትም። መተዳደሪያቸው ነበረች። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሕንፃ ግንባታ ላይ የክሬን ምልክት ሰጪ ሆነው ኖረዋል። ክሬኑን የሚነዳው ሰው ሰማይ ላይ በተንጠለጠለች ክፍል ተቀምጦ ስለሚውል፣ ከሥሩ ያለውን ጭነት አጥርቶ አያየውም። ምድር ላይ ቆሞ ዓይን የሚሆንለት ምልክት ሰጪው ነው። ፌሮው መታሰሩ፣ መንጠቆው መግባቱ፣ ሰው ሁሉ ዞር ማለቱ ከታየ በኋላ «ኦኬ!» ይላሉ፤ ጭነቱም ይነሣል። ሲውል ሲያድር እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ተረሳና ከቀን ሠራተኛ እስከ መሐንዲስ ጋሽ ኦኬ ብሎ ይጠራቸው ጀመር።

ጡረታ በወጡ በዓመቱ፣ አንድ ጠዋት ጫማቸውን ሊያስሩ ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። ስትሮክ ነው ተባለ። ከሆስፒታል ሲመለሱ ቀኝ እጅና ቀኝ እግራቸው ከድተዋቸው፣ ቋንቋቸውም ጓዙን ጠቅልሎ ሄዶ ነበር። የሚስታቸውን ስም፣ የልጆቻቸውን ስም፣ ውኃ የሚለውን ቃል ሳይቀር ጠራርጎ ወስዶ ኦኬን ብቻ ተወላቸው። ደግነት መሆኑ ነው። ሐኪሙ እንዲህ ያለ ነገር እንደሚያጋጥም፣ ምላስ አጥብቃ የለመደችው ቃል ብቻዋን ልትተርፍ እንደምትችል አስረዳ። «የምትሉትን ይሰማሉ፤ ያውቃሉም። መመለሱ ነው የጠፋባቸው» አለ።

ባለቤታቸው በልብስ ንጽሕና ቤት ሸሚዝ ሲተኩሱ የኖሩ ሴት ናቸው። ከሐዘንም ውስጥ ቢሆን ቀልድ ፈልገው አያጡም። «እሺ ይበልጣል ከሺ ሲሉ እየሰማሁ፣ ዕድሜዬን ሙሉ እሺ የሚል ባል ስጠን ስል ኖርሁ። ይኸው ሰማኝ። እንግሊዝኛ መቻሉን ግን አላወቅሁም ነበር» አሉ። ይህን ብለው ሲስቁ ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ። ማታ ጓዳ ገብተው ሲያለቅሱ የሰማቻቸው ልጃቸው ብቻ ናት።

ልጃቸው መጋረጃ ሰፊ ናት። ትዳሯ ፈርሶ ወደ ወላጆቿ ቤት ስትመለስ ይዛ የመጣችው የስፌት መኪናዋን ነበር። ሳሎኑ ውስጥ በአንድ በኩል እሷ ትሰፋለች፣ በሌላው በኩል መስኮቱ ሥር የአባቷ አልጋ አለ። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት ይገባበታል ተብሎ የተተወው ጉድጓድ የጎረቤት ብስክሌትና የተሰበረ ወንበር መጣያ ሆኖ ቀርቷል። በሕይወታቸው ስንት ፎቅ ያስነሡ ሰው ከታመሙ ወዲህ ከገዛ ቤታቸው ምድር መውረድ አቃታቸው።

ኦኬ አንዲት ብትሆንም አንድ አልነበረችም። ጠዋት መስኮቱ ሲከፈት የሚሏት ሰላምታ ናት። ሻይ ሲያቃጥላቸው የሚሏት አጭር ናት፤ ከአፍ ሳትወጣ ትቆረጣለች። ራዲዮው ዜና ሲያወራ ትረዝምና መጨረሻዋ ይወድቃል፤ ወይ ጉድ ማለታቸው ነው። የስፌት መኪናው ሲጮህባቸው ሦስቴ ይደጋግሟታል፤ ለዚያ አስተርጓሚ አያስፈልግም። እስከዚህ ድረስ ልጅቷም ታውቃለች። እናትየው የሚያውቁት ግን ከዚህ የራቀ ነበር።

«ኦኬ» ይላሉ አባት።

«ትራሱ ዝቅ ይበልልህ?» ብለው ዝቅ ያደርጉላቸዋል።

«ኦኬ» ይላሉ፤ ያው ድምፅ፣ ያው ፊት።

«እሱማ ዛሬም አይመጣ። ልጅህ ከጎማ በቀር ዘመድ ያለው ይመስልሃል?» ይላሉ እናት። ጎማ ነጋዴ ስለሆነው ታላቅ ልጃቸው መጠየቃቸው ነው። አባት በግማሽ አፋቸው ይስቃሉ።

ልጅቷ መርፌዋን አቁማ ታያቸዋለች። «እማዬ፣ በሞትኩት፣ በምን አወቅሽ? ድምፁ እኮ አንድ ነው።»

«አንቺማ ትሰሚዋለሽ» ይሏታል እናት። «እዪው እንጂ አትስሚው።»

ልጅቷም ታየዋለች። አፍጥጣ ፊታቸውን ታያለች። ቀኙ ወርዷል፣ ግራው ደክሟል፤ ከዚያ ፊት ላይ የሚነበብ ነገር አላገኘችም። እናቷ ከሠላሳ ዓመት ትዳር ያገኙት ጥበብ ነው፣ ለእኔ አይገባኝም ብላ ተወችው።

ከጋሽ ኦኬ አካል አርፎ የማይቀመጠው ግራ እጃቸው ነበር። ብርድ ልብሱ ላይ ይሄዳል ይመጣል፣ ይጨበጣል፣ ጣት ያወጣል። ልጅቷ ሕመሙ ያመጣው መርበትበት መሰላት። መስኮቱም ብርድ ያስገባል። ስለዚህ እጁን ባየችው ቁጥር ሳም አድርጋ ብርድ ልብሱ ሥር ትከተዋለች። የምትወደውን ነገር መሸፈን ትወዳለች፤ መጋረጃ ሰፊ አይደለች።

እናት ሆዳቸውን ያማቸው ከጀመረ ቆይቶ ነበር። «ጨጓራ ነው፤ የንዴት ነው» እያሉ ደብቀው ከረሙ። አንድ ቀን የአባትየውን ገላ ሲያጥቡ ባልዲው ላይ ወደቁ፤ ሆስፒታል ሲደርሱ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነበር። ሐኪሙ ጎማ ነጋዴውን ወደ ኮሪደሩ አውጥቶ በጆሮው ነገረው። ልጅቷ ከወንድሟ ፊት ላይ አነበበችው።

እናት መታጠቢያው አጠገብ ያለ አልጋ ላይ ተኝተው፣ ቧንቧው ሲንጠባጠብ ይሰማሉ። ልጃቸውን በእጃቸው ጠሩና አንድ ነገር ለመኗት።

«አባትሽን አምጪልኝ።»

«እዚህ? እማዬ፣ እንዴት አድርገን?»

«እንጃ። ስንት ዓመት ሙሉ ምሳውን ተሸክሜ ክሬን ሥር ስጠብቀው የኖርሁ ሰው ነኝ። ዛሬ ደግሞ እሱ ይምጣልኝ። አንዴ ልየው፣ ከዚያ ወዲያ የምለምንሽ የለም።»

ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ወንድሟን ያዘችው። «ወንድም ጋሼ፣ አባዬን እናምጣላት።»

«በምን?» አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው። «ደረጃው ሰው ለሰው አያሳልፍም። ሲወርድ ቢወድቅስ? እዚህ መጥቶ እንዲህ ሆና ሲያያት እንደገና ቢመታውስ? ሁለቱን ባንድ ጊዜ ልትቀብሪ ነው?» ደግሞም፣ «ራሱን ጠይቂው። እኔ ከእሱ ቃል አልወጣም» አለና ወደ ሱቁ ሄደ።

ጠይቂው ማለት ቀላል ነው። ልጅቷ ያን ደረጃ ስትወጣ እያንዳንዱን መታጠፊያ አየችው፤ ወንበር ተሸክመው የሚንገዳገዱ ሰዎች፣ ከእጃቸው የሚያመልጥ አባት ታያት። በሩን ስትከፍት መጠየቅ ሳይሆን መገላገል ነበር የፈለገችው።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «አባዬ፣ እማዬ ሆስፒታል ትንሽ ትቆያለች» አለች። «ውሰጂኝ እንዳትለኝ፤ ደረጃውን ታውቀዋለህ፣ ትጎዳብናለህ። እዚሁ ሆነህ ብትጠብቃት አይሻልም? አይሻልም አባዬ?»

«ኦኬ» አሉ።

ደረቷ ላይ የተጫነው ነገር ሲነሣላት ተሰማት። ግራ እጃቸው ግን ከብርድ ልብሱ ላይ ተነሣ። መዳፉን ወደ ታች ዘርግቶ ከዚህ ወደዚያ፣ ከዚያ ወደዚህ ይመላለስ ጀመር። የተጨማደደ አልጋ የሚያስተካክሉ መሰላት።

«ተወው፤ እኔ አነጥፈዋለሁ» ብላ እጁን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተተችው።

«ኦኬ» አሉ፤ አሁን ጠንከር ብለው።

«እሺ አባዬ፣ ሰማሁህ።»

እጁ ተመልሶ ወጣ። መዳፉ እንደተዘረጋ፣ እንደገና ከዚህ ወደዚያ። ሰዓቱ እየሄደባት ነበር፤ የሕመምተኛ መጠየቂያው ሰዓት ሳያልፍ ለእናቷ ሾርባ ማድረስ አለባት። እጃቸውን መለሰችና የብርድ ልብሱን ጠርዝ ፍራሹ ሥር ጥብቅ አድርጋ ወተፈችው፤ ሕፃን እንደሚጠቀለል።

«ኦኬ፣ ኦኬ፣ ኦኬ!» አሉ ጣሪያውን እያዩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ከታመሙ ወዲህ ግን ሁልጊዜ ስለሚያቀርር አልቆጠረችውም። ከታች ላለችው ጎረቤት አደራ ብላ ሾርባዋን ይዛ ወጣች።

እናት በሩን በሩን ሲያዩ ነበር። ልጃቸው ስትገባ ከኋላዋ ያለውን አዩ፤ ማንም የለም።

«ብቻሽን?»

«ጠየቅሁት እኮ እማዬ። እዚሁ ሆኜ ልጠብቃት አለ።»

«አለ?»

«ኦኬ አለ።»

እናት ሳቅ አሉ፤ ሳቁ ራሱ ደክሟል። «ኦኬማ ለማንም ይላል። እጁስ?»

«ምን እጁ?»

«እጁ ምን አለ?»

የሕመም ማስታገሻው የሚያስቀባዥራቸው መሰላት። ግንባራቸውን እየዳበሰች፣ «እጁማ አይበርደው፣ አታስቢ። ብርድ ልብሱ ውስጥ ጥቅልል አድርጌው ነው የመጣሁ» አለቻቸው።

እናት ሾርባውን አልፈልግም ብለው በእጃቸው ገፉት። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆዩና፣ «ነገ አውጪለት» አሉ።

«ምኑን እማዬ?»

«እጁን። ነገ አውጪለትና ደግመሽ ጠይቂው።»

«እሺ» አለች ልጅቷ፤ ሕመምተኛ አይከራከሩትም። ሳይነጋ ስልኩ ጮኸ። እናቷ ወደ ግድግዳው እንደዞሩ አርፈው ነበር።

ለአባቷ የነገረችው እሷ ናት። አልጋው ሥር ተንበርክካ፣ «አባዬ፣ እማዬ አረፈች» አለች። ከታመሙ ወዲህ ለሚነገራቸው ሁሉ መልስ ያላቸው ሰው፣ ለዚህ አጡለት። ከብዙ ቆይታ በኋላ «ኦኬ» አሉ፤ ከንፈራቸው ላይ ካላየችው በቀር አይሰማም። ያቺ ኦኬ ምን እንደነበረች እስከ ዛሬ አታውቅም።

ረፋዱ ላይ ቤቱ በሰው ሞላ። ወንድሟ ወንበር ያቀብላል፣ ስልክ ያነሣል፣ መቃብር ያስቆፍራል። ስለ አባቱ ለጠየቀው ሁሉ መልሱ አንድ ነው። «አባዬ ቀብር አይሄድም፤ ደረጃው አይሆንለትም። ጠይቄዋለሁ፣ ኦኬ ብሎኛል።» ሰዉም፣ «እውነት ነው፣ ምን ያንከራትተዋል» ይላል። ልጅቷ ሻይ እያደለች ትሰማለች።

ጋሽ ሰማይ ቤት የደረሱት ያኔ ነው። የጋሽ ኦኬ የረጅም ዘመን የሥራ ባልደረባ ናቸው፤ ክሬን ነጂ። ቀኑን ሙሉ እላይ ተሰቅለው ስለሚውሉ ነው ሰማይ ቤት የተባሉት። ምሳ ሊበሉ ሲወርዱ ሠራተኛው ሁሉ፣ «እህ፣ የሞቱት ደህና ናቸው?» እያለ ይቀልድባቸው ነበር። ዛሬ ደረጃው አስለክልኳቸው በሩን ተደግፈው ቆሙ። «ከፍታ እንኳ ለምጃለሁ፤ በእግር መውጣት ነው ያልለመድሁት» አሉ። ከዚያ ጓደኛቸውን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

ሌላው ሰው ሁሉ ከራስጌ ተጠግቶ ጆሮ ለጆሮ ነበር የሚያጽናናው። እሳቸው ግን ወንበራቸውን ጎትተው ከግርጌ፣ ግድግዳው ሥር፣ ራቅ ብለው ተቀመጡ። ጋሽ ኦኬን ከራስ እስከ እግር ከሚያዩበት።

«ይህን እጅ ማነው ያሰረው?» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ጥያቄ ነበር።

ልጅቷ ደንግጣ ብርድ ልብሱን ከፍራሹ ሥር አወጣች። እጁ ወዲያው ወጣ። መዳፉን ወደ ታች ዘርግቶ ከዚህ ወደዚያ ሄደ፣ ተመለሰ። ቀጥሎ በጣቱ ወደ በሩ አመለከተ። ቀጥሎ ያችኑ ጣት ወደ መሬት ዘቅዝቆ በትንሹ አዞራት።

«አየሁ» አሉ ጋሽ ሰማይ ቤት። ወደ ጎማ ነጋዴው ዞረው፣ «አባትህ አውርዱኝ ነው የሚል። ወደ ቀብሩ ልሂድ ነው የሚል» አሉት።

«እንዴ፣ ጋሼ! እዚህ ትቀመጣለህ ስለው ኦኬ ብሎኛል እኮ።»

«ኦኬማ ይልሃል። ኦኬ ያላለው ለማን ነው? አናጢው አንሣ ይለዋል፣ ግንበኛው አውርድ ይለዋል፣ መሐንዲሱ ቶሎ በል ይለዋል፤ እሱ ለሁሉም ኦኬ ነው። ሰምቻችኋለሁ፣ አለሁ፣ አትንጫጩብኝ ማለቱ ነው። እኔ እላይ ሆኜ ምን ይሰማኛል? ነፋስ ነው የሚሰማኝ። እጁን ነው የማየው። እኛ ዘንድ ቃል ለጆሮ ነው፣ እጅ ለጭነት ነው። በእጁ ካላለ አላለም።»

ልጅቷ የሻይ ሰሐኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። መዳፏን ወደ ታች ዘረጋችና ባዶ አየር ላይ ከዚህ ወደዚያ አንቀሳቀሰችው።

«ጋሼ፣ እንዲህ ሲልስ? እንዲህ፣ እንዲህ ሲል?»

«እሱማ ቁም ነው» አሉ። «የሆነ ነገር ተሳስቷል፣ ጭነቱ እንዳለ ይቁም ማለት ነው። ያ ምልክት ሲሰጥ ሌላ ሁሉ ይቀራል፤ የለየለት ችኩል ነጂ እንኳ ያንን አያልፍም። ምነው ልጄ?»

ልጅቷ ጓዳ ገብታ ያልተሰፋ የመጋረጃ ጨርቅ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች። ቁም ብሏታል። አንዴ አይደለም፤ ደጋግሞ፣ ባለው አንድ እጅ፣ እንባው እየመጣ ቁም ብሏታል። እሷ ደግሞ ያን እጅ አሰረችው። ቋንቋ ሁሉ የተወሰደበት ሰው የቀረችውን አፍ በገዛ ልጁ ተለጎመ። እናቷ ክሬን ሥር ምሳ ይዘው ቆመው ሲጠብቁ ነው ያን ቋንቋ የተማሩት። እዪው ብለዋታል፤ ፊቱን አየች። እጁስ ብለው ጠየቋት፤ ቀባዠሩ አለች። ሳይተያዩ ቀሩ፤ ያለያየቻቸውም ደረጃው ሳይሆን እሷ ናት። አሁን ገባኝ ቢሉ ምን ዋጋ አለው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ፊቷን ታጥባ ወጣች። ወንድሟ ፊት ቆመች።

«ይወርዳል» አለች።

«አንቺ፣ ደረጃው...»

«ለእማዬ ሳይደርስላት ቀርቷል። ቀብሯ ላይ ግን ይደርሳል። አንተ ካልተሸከምክ ጎረቤት ይሸከመዋል።»

ጋሽ ሰማይ ቤት ተነሡ። «ማንም አይጨነቅ። እሱ ራሱ ያወርደናል» አሉ።

ከእንጨት ወንበሮቹ ጠንካራውን መርጣ አባቷን በመጋረጃ ማሰሪያ አሰረቻቸው፤ ወገባቸውን፣ እግራቸውን፣ የዛለውን ቀኝ እጃቸውን። ግራውን ለቀቀችው። ለለቅሶ የመጡ ሁለት የድሮ የሥራ ጓደኞቻቸው ከፊት፣ ጋሽ ሰማይ ቤትና ጎማ ነጋዴው ከኋላ ያዙ። ጋሽ ኦኬ ደረጃውን ቁልቁል አዩት፣ ግድግዳውን አዩት፣ ጣታቸውን ዘቅዝቀው አዞሩ። ወንበሩ ወረደ። መታጠፊያው ላይ አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን ሊያነካኩ ደርሰው ተዉት፤ «ቀስ» አሉ ጋሽ ሰማይ ቤት። በሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ጎማ ነጋዴው ላቡ ዓይኑ ገብቶበት፣ ቶሎ እንገላገል ብሎ ገፋ አደረገ። የወንበሩ እግር ከብረት ድጋፉ ጋር ሊጋጭ ትንሽ ሲቀረው የጋሽ ኦኬ መዳፍ ተዘርግቶ ተወዛወዘ።

«ቁም!» ብለው ጮኹ ጋሽ ሰማይ ቤት።

ሁሉም ባሉበት ደረቁ። ጎማ ነጋዴው የአባቱን እጅ አየ፤ ከታመሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከዚያ ወዲህ ምድር እስኪደርሱ ዓይኑን ከእጁ ላይ አልነቀለም።

የመቃብሩ ቦታ ዛፍ የሌለበት፣ ነፋስ የሚመላለስበት ሜዳ ነው። ወንበሩን ከጉድጓዱ ጫፍ፣ ሳንቃ ላይ አስቀመጡት። ልጅቷ ብርድ ልብስ አልብሳቸው አጠገባቸው ቆመች። ሳጥኑ በሁለት ገመድ ተይዞ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተንጠለጠለ። ጋሽ ሰማይ ቤት አንዱን የገመድ ጫፍ በራስጌ በኩል እንደያዙ፣ ሌሎቹን «እኔ ሳልል እንዳትለቁ» አሉና ቀና ብለው ጓደኛቸውን አዩ። ስንት ዘመን ሲተያዩ የኖሩት እንዲያ ነበር፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ዛሬ ሁለቱም ምድር ላይ ናቸው።

ግራ እጁ ተነሣ። ጣት ተዘቀዘቀ፣ ዞረ። ሁለቱ ጣቶች ተቀራረቡ። ቀስ።

ሳጥኑ ወረደ። የግርጌው ገመድ ፈጠን ብሎ ሳጥኑ ሲያዘነብል ጋሽ ኦኬ ጣታቸውን ወደዚያ ቀሰሩ፤ ያዙት፣ ተስተካከለ። እንደገና ወረደ። የሳጥኑ ክዳን ከጉድጓዱ አፍ በታች ሊሰወር ትንሽ ሲቀረው፣ ጋሽ ኦኬ እጃቸውን ጨበጡ።

ያዝ።

ያዙ። ሰዉ ጠበቀ። የተጨበጠው እጅ አልተፈታም። ገመድ የያዙት ሰዎች ክንዳቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ከኋላ ማንሾካሾክ ተሰማ። «ምን ይጠበቃል?» አለ አንድ የማያውቃቸው ሰው።

«ምልክት» አለ ጎማ ነጋዴው፤ ገመዱን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ።

ጋሽ ኦኬ ሳጥኑን ያዩ ነበር። ማንም ጥሏቸው አልሄደ፤ ማንም እዚሁ ብትሆን አይሻልም ወይ አላላቸውም። ልባቸው እስኪደርስ ባለቤታቸውን አዩ። ከዚያ ጨብጠው የያዙት እጅ ተፈታ፤ ጣት ተዘቀዘቀ። ሳጥኑ መሬት ነካ።

አሁን ገመዱ መሳብ ነበረበት። ግን ጭነት መሬት ሲነካ መንጠቆ የሚነቅለው ምድር ላይ ያለ ሠራተኛ ነው፤ እሱ ደግሞ ምልክት ሰጪው በአፉ ኦኬ ካላለ አይነቅልም፤ ሥራው እንዲያ ነው። ጋሽ ሰማይ ቤት ገመዳቸውን እንደያዙ ጠበቁ። ሌሎቹም ጠበቁ። በዓለም ላይ ካሉት ቃላት የቀረቻቸው እሷ ብቻ ናት፤ ለሻይም ለዜናም ለመርዶም ብለዋታል። አሁን አፋቸውን ከፈቱ፣ አልመጣችም።

ፊታቸውን ወደ ልጃቸው አዞሩ። ግራ እጃቸው ከጉልበታቸው ላይ ተነሣ። መዳፉን ወደ ታች ዘርግቶ ከዚህ ወደዚያ ሄደ፣ ተመለሰ። እንደገና ሄደ፣ ተመለሰ።

የሚቆም ነገር አልነበረም። ሁሉም ነገር ሆኖ አልቋል። ልጅቷ ሳንቃው ላይ ተንበረከከችና ዓይኗን እጁ ላይ ተክላ፣ እንባዋ እየወረደ፣ «አየሁት አባዬ» አለች። «አሁን አየሁት።»

እጁ ቆመ።

«ኦኬ» አሉ።

ሰዎቹ ገመዱን ሳቡ። ነፋሱ በርትቶ ነበር፤ ልጅቷ ተነሥታ ብርድ ልብሱን እግራቸው ላይ አስተካከለች፣ ትከሻቸውን ሸፈነች፣ እጃቸውን ግን ውጭ ተወችው።